ከማሽኑ ድምፅ ሥር

መስከረም 22

ለውድ እቴቴ፣

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ ዓይንሽ የመርፌ ቀዳዳ የሚያይ፣ ወገብሽ የማይቆረጥም፣ ቤትሽም ሰላም የሞላበት ይሁን። እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። ናፍቆቱ ብቻ ነው የከበደኝ፤ ሌላው ሁሉ ይቻላል። አባወራሽ ጋሼስ እንዴት ናቸው? ለጥገና ራዲዮ የሚያመጣላቸው ሰው አልጠፋም?

የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ሥራዬ እንዳለ ነው። ቀኑን ሙሉ አንሶላ ከአንዱ ማሽን አውጥቼ ሌላው ውስጥ እከታለሁ። ቤቴ ስገባ ግን ሌላ ሰው ነኝ። እቴቴ፣ ስቱዲዮ ሠራሁ! እንዳትስቂ። የቁም ሳጥኔን በር ነቀልኩ፣ ውስጡን ሆቴሉ አርጅተዋል ብሎ በጣላቸው ብርድ ልብሶች ሸፈንኩ፣ ማይኩን ከልብስ መስቀያው ብረት ላይ አንጠለጠልኩ። ስዘፍን ከወገቤ በላይ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከወገቤ በታች ክፍሉ ውስጥ ነኝ። ከላዬ የሚኖሩት ሴትዮ ባለተረከዝ ጫማ ስለሚወዱ፣ እሳቸው ከቤት የሚወጡበትን ሰዓት ጠብቄ ነው የምቀዳው። ከዚያ ኮምፒውተሬ ላይ ድምፁን እቆርጣለሁ፣ እቀጥላለሁ፣ አንዱን ከፍ ሌላውን ዝቅ አደርጋለሁ። ሚክስ ማድረግ ይሉታል። አንቺ ብታይው ልብስ ስፌት ነው ትያለሽ።

አሁን አንድ ነገር ልለምንሽ ነው። አንቺ ስትሰፊ የምትዘፍኛትን፣ እኔም ከእግርሽ ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ እየለቀምኩ ያደግኩባትን ዘፈን ቀዳኋት።

ክሩ ቢያልቅ ክር አለ፣ ጨርቁ ቢያልቅ ጨርቅ፤
ሰው ነው የማይተካ፣ ከሄደ የሚርቅ።

ጊታሩን ራሴ መታሁ፣ ባሱን ጨመርኩ፣ ዘፈንኩት። ከሥር ግን ባዶ ነው። ጋሼ ራዲዮ ጠግነው ሲጨርሱ የሚያደርጉት ትዝ ይልሻል? የመጨረሻውን ብሎን ካጠበቁ በኋላ ዘፈን ያለበት ጣቢያ ይፈልጉና በዚያ ወፍራም ድምፃቸው ከዘፋኙ ሥር ገብተው ያንጎራጉራሉ። ድምፃቸው ተስማምቶ ከገባ ምንም ሳይናገሩ ራዲዮውን በመዳፋቸው ወደ ባለቤቱ ገፋ ያደርጉታል። ድኗል፣ ውሰድ ማለት ነው። ካልገባ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ትንሽ ያስቡና እንደገና ይፈቱታል። ደግሞ መቼም ከዘፋኙ እኩል አይጀምሩም፤ አንድ ምት ዘግይተው ነው። ለምን ብዬ ብጠይቃቸው፣ "ባለቤቱን አሳልፎ መግባት ጨዋነት ነው" አሉኝ። እኔንም ጆሮ ብለው የሰየሙኝ እዚያ ጠረጴዛ አጠገብ ነው። የሰው ጆሮ እንዲህ ይሰማል ብዬ የተደነቅኩት በእሳቸው ነው፤ ዛሬም የሚበልጣቸው አላገኘሁም።

ስለዚህ የእሳቸውን ማንጎራጎር በስልክሽ ቀድተሽ ላኪልኝ። ይህ ዘፈን ያለ እሳቸው አይድንም።

ልጃችሁ፣
ጆሮ


ጥቅምት 28

ለእህቴ ልጅ፣ ለልጄ ለጆሮ፣

ሰላምታዬ እንደ ደብዳቤህ ወፍራም ሆኖ ይድረስህ። የያዝከው ይባረክልህ፣ የረገጥከው መሬት ይመችህ። እኛ ደህና ነን።

ልጅ ሳለህ አልታጠብም ስትል የምትደበቀው ቁም ሳጥን ውስጥ ነበር። ያን ሁሉ ባሕር አቋርጠህ ሄደህ መልሰህ ቁም ሳጥን ገባህ? ያቺ ሦስት ጊዜ ተለክታ አራት ጊዜ የምታስፈታኝ ነርስ ደንበኛዬ ስስቅ አግኝታኝ "ምን ተገኘ?" ብትለኝ፣ "የእህቴ ልጅ ስቱዲዮ ከፈተ" አልኳት። ቁም ሳጥኑን አልነገርኳትም፤ የቤት ገመና ነው።

ቀልዱን ተወውና ኮርቼብሃለሁ። ከቁርጥራጭ ጨርቅ መሃል ተነስቶ፣ ማንም ሳያስተምረው፣ በገዛ እጁ ሙዚቃ የሚሰፋ ልጅ ስንት እናት አላት? ትምህርት ቤት ሙዚቃ የሚያስተምረው ጎረቤታችን እንኳ "መቅዳቱን ሁሉም ይቀዳል፤ ማቀላቀሉ ነው ጥበቡ" ብሎ ራሱን ነቀነቀ። እኔም እንደገባው ሰው አብሬ ነቀነቅኩ።

ጋሼህ ደህና ነው፣ ሰላም ብሎሃል። ለጊዜው ትንሽ ጉንፋን ይዞት ድምፁ ሻክሯል። ሲሻለው እናያለን።

የሚመጣ ሰው ካገኘህ የማሽን መርፌ ቁጥር አሥራ አራት ላክልኝ። እዚህ የሚሸጠው ጂንስ ገና ሲያይ ይሰበራል።

አክስትህ


ኅዳር 25

ለውድ እቴቴ፣

ጤናሽ፣ ጉልበትሽ፣ ሳቅሽም እንዳለ ይቆይልኝ። መርፌዎቹን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ፤ ሃያ ናቸው። ከመርፌዎቹ ጋር አንዲት ትንሽ ማይክ አለች። ጫፏን ስልክሽ ላይ ትሰኪያታለሽ። የምትቀጂበት ቀን መስኮቱን ዝጊ፣ የሰፋሻቸውን ልብሶች በየግድግዳው ስቀዪ፤ ጨርቅ ድምፅ ይውጣል፣ ክፍሉ አያስተጋባም። እንዲያውም ከእኔ ቁም ሳጥን ያንቺ መስፊያ ክፍል የተሻለ ስቱዲዮ ነው።

ጉንፋኑ ተሻላቸው?

እቴቴ፣ ልቆጥርልሽ። ስልክ ስደውል መጀመሪያ "ገላውን እየታጠበ ነው" አልሽኝ። ከዚያ "ተኝቷል"፤ ከዚያ "ወጣ ብሏል"። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲታጠቡ፣ ሲተኙና ሲወጡ ኖሩ። በመጨረሻ ስልኩ ይቆራረጣል፣ ደብዳቤ ይሻላል ብለሽ ስልኩንም አስቀረሽው። እኔም አንቺን ላለማስቀየም እሺ አልኩ።

ተቀይመውኛል አይደል? የሄድኩ ዕለት ጠረጴዛቸው ላይ የፈታሁትን ራዲዮ እንደተፈታ ትቼው ነው የወጣሁት። ልገጥመው ስል "ተወው፣ ስትመለስ ትገጥመዋለህ" አሉኝ። ሰባት ዓመት አለፈ። የተቀየሙኝ ከሆነ ንገሪኝ፤ ይቅርታ ለመጠየቅ ቢያንስ ጥፋቴን ልወቀው። ያልተቀየሙኝ ከሆነ ደግሞ አንድ ደቂቃ ብቻ ያንጎራጉሩልኝ። ቃል አልፈልግም።

ልጃችሁ፣
ጆሮ


ጥር 30

ለልጄ ለጆሮ፣

አምላክ ልብህን ያስፋልህ፤ ዛሬ ሰፊ ልብ ያስፈልግሃል።

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ልመልስ ሁለት ጊዜ ተቀምጬ ሁለት ጊዜ ተነሳሁ። ይህን ሁሉ ጊዜ ያዘገየው ፖስታ ቤቱ አይደለም፤ እኔ ነኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ ይኸው ጠራ።

ጋሼህ አይናገርም። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ጠዋት ከአልጋው ሊነሳ ሲል ግማሽ አካሉ እምቢ አለው። እግሩ በከዘራ ተመልሷል። ቀኝ እጁ ግን ብሎን አይዝም፣ ምላሱም ቃል አይዝም። ሐኪሙ "ይሰማል፣ ይገባዋል፤ መናገሩን ግን እንጃ" አለን። መስማቱንስ ይሰማል። የጎረቤት ራዲዮ ጣቢያው ሲዛነፍ ፊቱን የሚያጨማድደው ዛሬም እሱ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ከኋላዬ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እኔ ስሰፋ ይውላል። ዝም አይነቅዝም የሚሉ ሰዎች ዝም ያለ ሰው ቤት ኖረው አያውቁም።

ለምን ደበቅሽኝ ትላለህ። አንዱ፣ ያንተ የመኖሪያ ወረቀት ገና አላለቀም፤ ብትሰማ ትመጣለህ፣ ከመጣህ መመለስ የለም። ሌላውን ደግሞ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። እዚህ ያየው ሁሉ "ምስኪን" ይለዋል። ደንበኛው፣ ጎረቤቱ፣ መንገደኛው ሁሉ። በዓለም ላይ አንድ ሰው እንኳ ጋሼህን እንደ ድሮው፣ ከራዲዮ ሥር እንደሚያንጎራጉር አድርጎ ያስበው ብዬ ነው። ያ ሰው አንተ ነበርክ። ዛሬ ያንንም አጠፋሁት። ይቅር በለኝ።

አልተቀየመህም። የተፈታው ራዲዮህ በጨርቅ ተሸፍኖ እዚያው አለ። አቧራ ስጠርግ ከቦታው እንዳላዛንፈው ዓይኑን አይነቅልም።

ጋሼህን ስላጣህ እኔን ትቀበል እንደሆነ ብዬ ራሴ ዘፈንኩልህ። እንዳዘዝከኝ መስኮቱን ዘጋሁ፣ ኮቶቹን በየግድግዳው ሰቀልኩ፣ ማይኳን አንገቴ ላይ ከሜትሬ ጋር አንጠለጠልኩ። ከዚያ መዝፈን አቃተኝ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ሳልኩ። ለካ እኔ እግሬ ካልሄደ ጉሮሮዬ አይከፈትም። በመጨረሻ ማሽኔ ላይ ተቀመጥኩና እየረገጥኩ፣ እየሰፋሁ ዘፈንኩ። የነርሷ ቀሚስ ጠርዝና ዘፈኑ እኩል አለቁ። ማሽኑ ይጮሃል፣ አውቃለሁ፤ ከእኔም የባሰ ያረጀ ነው።

ዘፈኑ ያለባትን የስልኬን ሚሞሪ በዚህች ትንሽ ትራስ ውስጥ ሰፍቻታለሁ። በመቀስ ክፈታት፤ እንደ ልማድህ በጥርስህ እንዳትቀድ።

አክስትህ


የካቲት 27

ለውድ እቴቴ፣

ለአንቺም ለጋሼም ብርታቱን ይስጣችሁ።

አልዋሽሽም፣ ተናድጄብሽ ነበር። ሁለት ቀን አንሶላ ሳጥፍ ሰው ሲጠራኝ አልሰማሁም። "ሰላም ብሎሃል" እያልሽ የጻፍሽልኝን ሁሉ አውጥቼ አንድ በአንድ አነበብኩ። ያ ሁሉ ሰላምታ ያንቺ ነበር። በሦስተኛው ቀን ንዴቴ አለቀ። እኔም አንቺን ብሆን ይህንኑ ሳላደርግ አልቀርም ነበር። ትራሷንም በመቀስ ከፈትኩ።

እቴቴ፣ ያ ድምፅ የት ነበር? ጆሮ ማዳመጫውን አድርጌ ከወንበሬ አልተነሳሁም። ልጅ ሆኜ ዘፈንሽን እንደ ዝናብ ነበር የምሰማው፤ ይዘንባል፣ ያባራል፤ ማን ያደንቀዋል? አሁን ግን "ከሄደ የሚርቅ" ስትይ ድምፅሽን የምትለቂበትን ቦታ ሰማሁ። እኔ በስንት ልምምድ የማልደርስበትን አንቺ የቀሚስ ጠርዝ እያጠፍሽ ታደርጊዋለሽ። የራሴን ድምፅ አጠፋሁና ያንቺን በቦታው አስገባሁ። ዘፈኑ ያንቺ ነው።

ያስቸገረኝ ማሽኑ ነው። አንድ ፕሮግራም አለ፤ ጩኸቱ የቱ እንደሆነ ታሳይዋለሽ፣ እሱ ከድምፁ ለይቶ ያወጣል። አራት ቀን ፈጀብኝ። ጠጠር ከምስር እንደሚለቀም ለቅሜ አወጣሁት፤ አሁን ድምፅሽ ጥርት ብሎ ብቻውን ቆሟል። በሚሞሪዋ ልኬልሻለሁ፤ ጋሼንም አሰሚያቸው።

ለሚቀጥለው ቀረጻ ደግሞ እንዳንቸገር ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ገዝቼ ለብቻው ልኬልሻለሁ። ማሽንሽ ላይ ይገጠማል። እግርሽም ያርፋል፣ ጩኸቱም ይቀራል።

ልጃችሁ፣
ጆሮ


መጋቢት 24

ለልጄ ለጆሮ፣

እጅህ አይዛል፣ አሳቢ ልብህ አይድከም። ንዴትህን ስለነገርከኝ አመሰግንሃለሁ፤ ዝም ብትለኝ ኖሮ ሁለት ዝምተኛ አልችልም ነበር።

ዘፈኑን ሰማነው። ድምፁ ጎላ እንዲል ስልኩን የብረት ሳህን ውስጥ አስቀመጥኩትና ሳህኑን ጋሼህ ፊት ጠረጴዛው ላይ አደረግሁት። ያ ጊታርህ እንዴት ያምራል! እንዲያ አድርገህ ትመታለህ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ድምፄም እውነት የእኔ አልመስል አለኝ፤ የተተኮሰ ሸሚዝ መስያለሁ።

ግን ልጄ፣ አትቀየመኝና አልወደድኩትም። እግር የለኝም። ከመሬት ሁለት ክንድ ከፍ ብዬ የምዘፍን ነው የሚመስለው። የቱ ጋ እንደምረግጥ፣ የቱ ጋ ጨርቁን እንደማዞር አይታወቅም። እኔ ዘፈን አላውቅም ብለህ ታልፈው ይሆናል። ጋሼህ ግን ያውቃል። መጀመሪያ ጆሮውን አቅንቶ ቀረበ፤ መሃል ላይ ሲደርስ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ያን ፊት አንተም ታውቀዋለህ።

የማሽኔን ድምፅ መልስልኝ። ካልሆነም ተወው።

ሞተሩ በሰላም ደርሷል። የሰፈሩ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ማክሰኞ መጥቶ ይገጥምልኛል። ጉልበቴም እንደ ድሮው አይደለምና ጥሩ አሰብክልኝ።

አክስትህ


ሚያዝያ 12

እቴቴ፣

ሰላምታውን በኋላ እመለስበታለሁ። ሞተሩን እንዳታስገጥሚ። ከተገጠመ አስነቅዪው።

እንዳልሽኝ ማሽንሽን ልመልስልሽ ፈለግሁ። ፕሮግራሙ ያወጣውን ጩኸት አይጥለውም፤ ለብቻው ያስቀምጠዋል። ድምፅሽን ዘጋሁና የተጣለውን ብቻ ከፈትኩ። ማሽኑ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ይሄዳል። ልክ ብለሽ ነበር፤ የዘፈኑ ምት ያለው እዚያ ነው። ባለሙያ ነኝ ብዬ ልቡን ቆርጬ ጥያለሁ።

ከዚያ ከማሽኑ ሥር ሌላ ነገር ሰማሁ። መጀመሪያ የብረቱ ግጭት መሰለኝ። ከፍ አደረግሁት። ወፍራም፣ ቃል የሌለበት፣ አፉን የዘጋ ሰው ድምፅ ነው። አንቺ "ክሩ ቢያልቅ" ስትይ የለም። አንድ ምት ያልፋል። ከዚያ ይገባል።

እቴቴ፣ ማሽን ዘግይቶ አይገባም። ማሽን ባለቤቱን አያሳልፍም።

ናፍቆት ጆሮህን አታለለው እንዳትዪኝ ሃያ ጊዜ ሰማሁት። "ከሄደ የሚርቅ" ላይ አንቺ ድምፅሽን ስትለቂ እሱ አይለቅም፤ አንቺን ይዞ ይቆያል። ጋሼ ናቸው። ከኋላሽ ተቀምጠው ሁለት ዓመት ሙሉ ምናልባት ሲያንጎራጉሩ ኖረዋል። አንቺ ማሽኑ ስለሚጮህ አትሰሚም። እሳቸውም ስለማትሰሚ ይመስለኛል የሚያንጎራጉሩት።

ልብስ ማጠቢያው ውስጥ፣ በዚያ ሁሉ እንፋሎት መሃል ቆሜ አለቀስኩ። አለቃዬ ሳሙና ዓይኔ ውስጥ የገባ መስሎት ውኃ አመጣልኝ።

ሞተሩን።

ጆሮ


ግንቦት 9

ለልጄ፣ ለጆሮዬ፣

የወለደችህ እህቴ አፈሩ ይቅለላት፤ ስምህን ያወጣልህም ዕድሜው ይርዘም።

ደብዳቤህ ሲደርስ ሞተሩ ከተገጠመ አምስት ሳምንት ሆኖት ነበር። ከተገጠመ ጀምሮ ጋሼህ ወንበሩ ላይ አልተቀመጠም። መኝታ ክፍል ገብቶ በሩን ገርበብ አድርጎ ይውላል። የምግብ ፍላጎቱም ቀንሶ ነበር። እኔ ሕመሙ የተነሳበት መስሎኝ ነርሷን ሁለት ጊዜ አመጣኋት። ለካ ቤቱን ጸጥ አድርጌ መደበቂያውን ወስጄበት ኖሯል።

አላመንኩህም፣ እውነቱን ልንገርህ። ምስኪን ልጄ ናፍቆት አሳበደው አልኩ። ግን በዚያው ቀን ኤሌክትሪክ ሠራተኛውን ጠርቼ ሞተሩን አስነቀልኩ። "እማማ፣ ሰው ወደ ፊት ይሄዳል እንጂ" አለኝ። "እኔ ወደ ኋላ ነው የምሰፋው" አልኩት። ሞተሩን ለሱው ሰጠሁት፤ ለምን እንደሚሆነው እሱ ያውቃል።

በማግስቱ ጠዋት ማሽኑን በእግሬ አስነሳሁት። አንድ ሱሪ ሳልጨርስ የከዘራውን ድምፅ ሰማሁ፤ መጥቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ዞሬ አላየሁትም። አስቀድሜ ደንበኞች የሚለኩበትን የቁም መስታወት ግድግዳው ላይ ዘንበል አድርጌ ከፊቴ አቁሜው ነበር። ዘፈንኩ። እያየሁት ዘፈንኩ። ጥቂት ቆይቶ አንገቱ ሥር ያለችው ሥር ተነሳች፣ ከንፈሩ ተጣብቆ አገጩ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ማሽኑ ይጮሃል፤ እኔ አንዲት ነገር አልሰማሁም። ግን አየሁት። ልጄ፣ አየሁት!

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉት እንዲህ ነው። የገዛ ቤቴ ወሬ ባሕር ተሻግሮ፣ ቁም ሳጥን ገብቶ፣ ተመልሶ ነው የደረሰኝ።

ሱሪው አለቀ። እሱ አላበቃም። ምን ላድርግ? ሌላ ጨርቅ ላንሳ ብል እግሬ ሊቆም ነው፤ እግሬ ከቆመ እሱ ይቆማል። ስለዚህ ክሩን በጥሼ፣ ጨርቁን አውጥቼ፣ ባዶውን መርገጥ ቀጠልኩ። ሦስት ሱሪ የሚያሰፋ ያህል ምንም ሳልሰፋ ረገጥኩ። እንባዬ ብረቱ ላይ ይወርዳል። ነርሷ መጥታ በሩ ላይ ቆማ አየችኝ፤ በጣቴ ዝም በይ አልኳት። ቀሚሷን ሳትጠይቅ ተመለሰች፤ ይህም ሌላ ተአምር ነው።

በሚቀጥለው ቀን ማይኳን ከወንበሩ ጀርባ በሰቀልኩት ኮት እጅጌ ውስጥ ደበቅኋት። የቀዳችውን ልኬልሃለሁ፤ እኔ አልሰማሁትም። አንተ አስተካክለህ ስትልከው ነው የምሰማው። ማሽኑን ግን እንዳታወጣው። እሱ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

አክስትህ


ሰኔ 4

ለውድ እቴቴ፣

ሰላም ለአንቺ፣ ሰላም ለጋሼ፣ ሰላም ለዚያ አሮጌ ማሽን።

ሞተሩን ሳታስነቅዪው ብትቀሪ ኖሮ ብዬ ሳስብ እስካሁን ይዘገንነኛል። ሰው ፊት ማንጎራጎር የከበደው ሰው ድምፁን የሚያስቀምጥበት ቦታ ፈልጎ አገኘ፤ እኔ ደግሞ ያንን ቦታ በገንዘቤ ገዝቼ ላጠፋው ነበር። ስቱዲዮዬን ጸጥ ለማድረግ ያልሸፈንኩት ግድግዳ የለም። ጩኸት ጠላቴ ነው ብዬ ነው የተማርኩት። የጋሼ ትምህርት ግን ሌላ ነበር፤ እሳቸው የሚጮህ ራዲዮ ሲመጣ መጀመሪያ ጩኸቱን ነበር የሚያዳምጡት።

ዘፈኑን እንደ አዲስ ሠራሁት። ከበሮ የለውም፤ ከበሮው ያንቺ እግር ነው። መጀመሪያ ማሽኑ ብቻውን ይነሳል። ከዚያ አንቺ፤ አንድ ምት ቆይቶ ጋሼ። እጅጌ ውስጥ የነበረችው ማይክ ትንፋሻቸውን ሳይቀር ይዛዋለች፤ አንዱንም አልቆረጥኩም። ጊታሬን ከሁላችሁም በታች አደረግሁት። እኔ አልዘፈንኩበትም። ይህን ሁሉ ወር የዘፈኑ ባለቤት ነኝ ብዬ ስታገል ነበር፤ የእኔ ድርሻ መስማት ኖሯል። ስሜም ያው ነው።

ወረቀቴ በሚመጣው ዓመት ያልቃል አሉኝ። ያን ጊዜ መጥቼ ራዲዮውን እገጥማለሁ፤ ይህን ንገሪያቸው።

አሁን ግን ፈርቻለሁ፣ እቴቴ። ብዙ ሰው ሥራዬን ሰምቶ አመስግኖኛል፤ የማንም ምስጋና እንደዚህ አስፈርቶኝ አያውቅም። ስታሰሚያቸው ፊታቸውን እይልኝ። ወደ መስኮቱ ካዞሩ ሳትደብቂ ጻፊልኝ፤ እንደገና እፈታዋለሁ።

ልጃችሁ፣
ጆሮ


ሰኔ 28

ለልጃችን ለጆሮ፣

ከላይ እስከ ታች ተባረክ፤ ሌላ ምርቃት አጣሁልህ።

ሚሞሪዋ የደረሰችው ትናንት ከሰዓት በፊት ነው። ሱቁን ዘጋሁ። ስልኩን ሳህኑ ውስጥ አስቀምጬ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ፣ ከተፈታው ራዲዮህ አጠገብ አደረግሁት። ከማሽኔ ወረድኩ። ወንበሬን ስቤ ጋሼህ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ፤ መስታወት አላስፈለገኝም። "ጆሮ የሠራው ነው። በሚመጣው ዓመት መጥቼ ራዲዮውን እገጥማለሁ ብሏል" አልኩት። ራዲዮውን አየ፣ እኔን አየ።

ከፈትኩት። ማሽኔ ከሳህኑ ውስጥ ተነሳ። የማውቀው ማሽን፣ ሠላሳ ዓመት የረገጥኩት፣ እኔ ሳልነካው እዚያ ይሄዳል። ጋሼህ ደንግጦ ወደ እግሬ አየ። እግሬ መሬት ላይ ነው፣ ጫማዬን አውልቄ። ማሽኑ ጥጉ ላይ ቆሟል። እንደገና ሳህኑን አየና ግራ እጁን ጠርዙ ላይ አሳረፈ።

የእኔ ድምፅ ጀመረ። ዓይኔን ከፊቱ ላይ አላነሳሁም። ወደ መስኮቱ አላዞረም። አንድ ምት አለፈ።

ገባ።

በሳህኑ ውስጥ ያለው ጋሼህ ገባ፤ ፊቴ የተቀመጠውም እኩል ገባ። ቤቱ ጸጥ ብሎ፣ የሚደበቅበት ነገር ሳይኖር፣ እኔ እያየሁት፣ እያየኝ አንጎራጎረ። ከሁለት ዓመት ከምናምን በኋላ የባሌን ድምፅ በገዛ ጆሮዬ ሰማሁ። ሻክሯል፣ ቀጥኗል። እሱ ነው። "ከሄደ የሚርቅ" ላይ እኔ ስለቅ እሱ ይዞኝ ቆየ። ስንት ዓመት እንዲህ ይዞኝ እንደኖረ አላውቅም፤ ዘፋኝ ከሥሩ ያለውን አይሰማም ለካ።

ዘፈኑ አለቀ። ከዚያ ጋሼህ የግራ መዳፉን ሳህኑ ላይ አደረገና፣ ቀስ አድርጎ፣ ጠረጴዛውን አቋርጦ ወደ እኔ ገፋው።

አክስትህና ጋሼህ